የአየርላንዳዊው ወታደር አውራ ጣት

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የምተማመንበትንና የማልተማመንበትን መለየት ይገባኛል። የምጽፈው ነገር የተፈጸመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዓመቱን በትክክል አላውቀውም። ባለቤቴ ጽጌ ዐቢይ ጾም እንደ ነበረ ትናገራለች። ማስረጃዋም በመኪናችን የኋላ ወንበር ላይ አንድ ዕቃ ሙሉ ሽሮ መደፋቱ ነው። እኔ ሽሮውን ፈጽሞ አላስታውስም። ቅዳሜ እንደ ነበረ ግን ሁለታችንም እንስማማለን። በዕለቱ የተባለውን ከመካከላችን ማንም በጽሑፍ አልያዘም። አብዛኛው ንግግር በእንግሊዝኛ ስለ ነበረም፣ እዚህ በአማርኛ የማቀርበው በእኔ አእምሮ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተጣራ ነው፤ በተጣራ ቁጥርም የሚቀር ነገር አለ። የሟቹ ልጅ ኖራ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። የቤተሰቡን ስም ግን እንዳልጠቅስ ስለ ለመነችኝ፣ አባቷን እኛ እንጠራቸው በነበረው ስም ሚስተር ጃክ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ያን ጊዜ ስልሳን ተሻግሬ ነበር። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ ከቀሩት አንዱ ነኝ። የዕድሜ ልክ ሥራዬ የቆዩ ጽሑፎችን ማመሳከርና ማስተማር ስለ ነበረ፣ «ይመስላል»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «አልተረጋገጠም» የሚሉት ቃላት ከአፌ አይለዩም ነበር። ጽጌ፣ «ለጋብቻ ስትጠይቀኝ እንኳ ‹የምወድሽ ይመስለኛል› ነው ያልኸኝ» እያለች በእንግዶች ፊት ታሾፍብኛለች። ይህም ቢሆን አልተረጋገጠም።

ሚስተር ጃክ ከኦክላንድ አጠገብ አልባኒ በምትባለው ትንሽ ከተማ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን በኦክላንድ ወደብ ጭነት በማራገፍ ያሳለፉ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ እጃቸው እንደ አካፋ የሰፋ ሰው። በአጥሩ ላይ ስለ ሎሚ ዛፋቸውና ስለ ጉልበታቸው ሕመም እናወራለን። ከኢትዮጵያ መምጣቴን በተዋወቅንበት ቀን ነግሬአቸዋለሁ። እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስለ አገሬ አንድም ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም። የማወቅ ፍላጎት የሌላቸው ሰው አድርጌ እቆጥራቸው ነበር። ተሳስቼ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ኖራ ከኦክላንድ ሆስፒታል ደወለች። «ዶክተር፣ አባቴ እርስዎን ይፈልጋል» አለችኝ። «ዛሬውኑ። ወደ ማታ ገደማ የመተንፈሻ ቱቦ ያስገቡለታል፤ ከዚያ በኋላ መናገር አይችልም። ቱቦው መልሶ ይወጣል ብለውም ቃል አልገቡልንም።»

ጽጌና እኔ ስንደርስ ሚስተር ጃክ በሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኖራ ካፖርቷን ሳታወልቅ በመስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ስልሳ ዓመት የተጠጋች፣ በሳን ፓብሎ ብቻዋን የምትኖር፣ በወጣትነቷ ጦርነትን በመቃወም ሰልፍ ስትወጣ ሁለት ጊዜ የታሰረች ሴት ናት። አባትና ልጅ ሲጨቃጨቁ እንደ ቆዩ ከፊታቸው ይነበባል።

«ዶክ» አሉኝ ሚስተር ጃክ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። «ከየት አገር እንደ መጣህ በነገርኸኝ ቀን፣ እኔም ልነግርህ የሚገባ ነገር ነበረኝ። ፈራሁ።»

ከትራሱ ሥር አንድ ግራጫ ካልሲ አወጡ፤ ከካልሲውም ውስጥ በደበዘዘ ቀይ ጥብጣብ ላይ የተንጠለጠለ የነሐስ መስቀል።

«የአያቴ የጀግንነት ኒሻን ነው። መቅደላ በምትሉት ተራራ ላይ የተሸለመው።»

ያን ስም ከዚያ አልጋ ላይ እሰማለሁ ብዬ አላሰብሁም። ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ያለፉበት ተራራ ነው። የእንግሊዝ ጦር በዚያ የሚቃጠለውን አቃጥሎ፣ መጻሕፍቱንና መስቀሎቹን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወርዷል። እኔ ደግሞ ከእነዚያ መጻሕፍት አንዳንዶቹን በባዕድ አገር ቤተ መጻሕፍት፣ በተቆጣጣሪ ፊት፣ ጓንት አድርጌ እያገላበጥሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ስሜቴ አክብሮት አልነበረም።

ፊቴን አይተው ኖሮ ቶሎ ብለው ቀጠሉ። አያታቸው በአየርላንድ የረኃብ ዘመን የተወለደ፣ እኅትና ወንድሞቹን በልጅነቱ የቀበረ ድኻ ነበር። ለሞቱበት ሰዎች ግድ ባልነበረው መንግሥት ሠራዊት ውስጥ የገባው ለዳቦው ሲል ነው። በመቅደላ በር ላይ ጥይት እየዘነበ፣ ግንቡ አናት ላይ በተደረደረው እሾህ ክንዱን እየተቀደደ ወደ ውስጥ ዘለለ፤ ከኋላው ያሉትንም እየጎተተ አሻገረ። ኒሻኑን የሸለሙት ለዚያ ነው።

«ስለ ግንቡ ግን አንድ ቀን እንኳ አላወራንም» አሉ ሚስተር ጃክ። «እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ከእሱ ጋር ነበር የምውለው። የሚያወራኝ ስለ አውራ ጣቱ ነው።»

«ስለ አውራ ጣቱ?»

«ውጊያው አብቅቶ ግቢው ውስጥ ሲዘዋወር፣ መሣሪያ ያልያዘ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ቀኝ እጁን ያዘና አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ጓደኞቹ ‹እየነከሰህ ነው! በለው!› ብለው ጮኹ። አያቴ ጠመንጃውን ገልብጦ ሰደፉን አነሣ።»

ወደ ኖራ ተመለከቱ። 

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ጠቡ እዚህ ላይ ነው» አለች ኖራ ከመስኮቱ። «አጎቴ በየገናው ማዕድ ላይ ይህንኑ ይተርክ ነበር። በሰደፉ የሰውየውን ጥርስ አራገፈው፣ ወታደሮቹም በሳቅ ፈነዱ ይላል። ማዕዱም አብሮ ይስቃል። እኔ ስቄ አላውቅም።»

«ወንድሜ እዚያ አልነበረም» አሉ አባቷ።

«አንተስ ነበርህ እንዴ፣ አባዬ?»

«እኔ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት! ሰደፉን አነሣ፤ አላወረደውም። ሰውየውን ከኋላው አድርጎ ቆመ። አለቃው ‹ዞር በል› ቢለው ‹የእኔ ሰው ነው› አለ።»

«ሽማግሌዎች ለልጅ ልጅ የሚያወሩትን አንተም ታውቀዋለህ። ‹መታሁት› ብሎ ይነግርህ ነበር?» ወደ እኔ ዞረች። «ዶክተር፣ አባቴ ይህን ነገር ከእጁ እንድቀበለው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ በሚለምን ሰው ጥርስ የተገዛ ጀግንነት ቤቴ አላስገባም። እርስዎ የማያውቁትን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የሎሚ ዛፉ ለምን እንደ ደረቀ ሲጠይቅዎ እንኳ ‹ሁለት ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሦስተኛም አይጠፋም› ነው ያሉት። ስለዚህ እርስዎ አልመታውም ካሉ እቀበለዋለሁ። አላውቅም ካሉ ደግሞ ከእሱ ጋር ይቀበራል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል።»

ሚስተር ጃክ ዐይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። «የአገሬው ሰው ነህ፣ ዶክ። ሰው የሌላውን ሰው አውራ ጣት አፉ ውስጥ የሚከተው ለምንድን ነው?»

መልሱ በከፊል ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን «ጥቂት ሰዓት ስጡኝ» ብቻ አልሁ።

«ያለኝም እሱው ነው» አሉ ፈገግ ብለው።

ኮሪደሩ ላይ ጽጌ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ምን ትጠብቃለህ? ጡት መጥባት ነዋ! ሰውየው ‹ልጅህ ነኝ፣ አድነኝ› ማለቱ ነው። ይህን እኔ እንኳ አውቃለሁ።»

«ከማን ሰማሽው?»

«ከማን ሰማሽው? ሰው እየሞተ ምንጭ ትጠይቀኛለህ?»

«ልማዱን እኔም አውቃለሁ፣ ጽጌ። የጥንት መንገደኞችም ጽፈውታል። የጠየቁኝ ግን እሱን አይደለም። መታው ወይስ አልመታውም ነው። ልማዱ ስለ ጠቢው እንጂ ስለ ወታደሩ አይነግረኝም።»

እጅጌዬን ለቀቀችው። «በላቸው ያውቅ ይሆናል» አለች።

በላቸው በንጉሡ ዘመን በወሎ ጠቅላይ ግዛት ለብዙ ዓመታት በዳኝነት ያገለገለ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። በዚያ ጊዜ ሳን ሆዜ ከልጁ ቤት ይኖር ነበር። ከሆስፒታሉ ደጋግሜ ደወልሁ፤ ስልኩ ተይዟል። የልጅ ልጁ ኢንተርኔት የሚሉትን በስልክ መስመር የሚሠራ አዲስ ነገር ከጀመረች ወዲህ የዚያ ቤት መስመር ነፃ ሆኖ አያውቅም። መሄድ ነበረብን።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ደረስን። በሩን የከፈተችልን ያችው የልጅ ልጅ ናት። በአማርኛ ሰላም ብዬ ጠየቅኋት፤ «ባክያርድ ነው» ብላ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝና ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች። በላቸው በጓሮው ባርኔጣ ደፍቶ የወይን ሐረግ ይገርዛል። ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት። መቀሱን ሳያስቀምጥ ሰማኝ።

«እንግዲህ በስተርጅና የእንግሊዝ ወታደር ጠበቃ ሆንህልኝ» አለ።

«አየርላንዳዊ ነው።»

«ለመቅደላ ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው? ጥይቱ ያው ነው።»

«ለሞተው ልዩነት የለውም። ለተረፈው ይኖረው ይሆናል። ተርፎ እንደ ሆነ ነው የምጠይቅህ።»

«ኧረ ዳኛ፣ ይፍጠኑ!» አለች ጽጌ። «ሰውየው እስኪመሽ ነው አንደበቱ ያለው። የዚህን ሰው ጭንቅላት አያውቁትም? ማስረጃ ካላገኘ ‹ደኅና ዋሉ› እንኳ አይልም።»

በላቸው ሣቀና መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ ያለኝን በተቻለኝ መጠን እርሱ እንደ ተናገረው አሰፍራለሁ። በችሎቱ ፊት አንድ ጊዜ የጡት ልጅነት ክርክር ቀርቦለት ነበር። ከሳሹ «የሟች የጡት ልጅ ነኝ፣ ጣቱን ጠብቼ ተቀብሎኛል» ይላል። የሥጋ ልጆች ደግሞ «ጠብቷል፤ አባታችን ግን ገፍትሮ ጥሎታል» ይላሉ። መጥባቱን ሁሉም ያምናሉ፤ መቀበሉን ነው የካዱት።

«እኔም እንደ አንተ ተጨነቅሁ» አለ በላቸው። «የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስጠርቼ፣ ተቀባይነቱ በምን ይታወቃል አልኋቸው። በአፍ በተባለ አይታወቅም አሉኝ፤ በኋላ በሆነው ነው። የተገፋ ሰው ዞር ብሎ ሌላ መሸሸጊያ ይፈልጋል። ተቀባይ ያገኘ ግን ከአባቱ ጀርባ ይቀመጣል፣ የልብሱን ጫፍ ይይዛል፣ አባት ሳይነሣ አይነሣም። አባትም ሳያለብሰው አያሰናብተውም። ይህ በሁሉም አገር እንደዚያው ይሁን አላውቅም። በዚያ አካባቢ ግን እንዲህ ብለው ምለው መስክረዋል፤ መቅደላም ከዚያ ሩቅ አይደለም።»

«ስለዚህ ሚስተር ጃክን ከጀርባው ተቀምጦ እንደ ሆነ ልጠይቃቸው።»

«አበላሸኸው!» ብሎ ጮኸብኝ። «እንዲህ ብለህ ከጠየቅኸው፣ የሚሞት ሰው ‹አዎ› ይልሃል። መልሱን በምስክር አፍ ውስጥ አታስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ በለው፤ ሌላ አትጨምር። ያላለውን ደግሞ እንዳለ አድርገህ ለልጂቱ እንዳትነግራት። ይህን ካደረግህ ከእኔ ጋር አንተያይም።»

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ወደቡ ሲቃረብ መንገዱ ተዘጋ። አንድ የጭነት መኪና ከነኮንቴይነሩ በመንገዱ ላይ አግድም ቆሟል። ከፊትና ከኋላችን ሌሎች ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች ተደርድረዋል። ከእነርሱ በላይ ሚስተር ጃክ ዕድሜያቸውን ከሥራቸው ያሳለፉባቸው የወደቡ ክሬኖች አንገታቸውን አቅንተው ይታያሉ። ፀሐይ ወደ ባሕረ ሰላጤው አዘቀዘቀች። እኔ መሪውን ጨብጬ ምን እንደምል እለማመዳለሁ። ጥያቄዬን ጠይቄ ሚስተር ጃክ «አላስታውስም» ቢሉስ? «ሰውየው ተነሥቶ ሮጠ» ቢሉስ? በአባትና በልጅ መካከል የቀረችውን አንዲት ክር የምበጥሳት እኔ መሆኔ ነው።

«ካላስታወሱ ምን ትላለህ?» አለች ጽጌ፣ ሐሳቤን ያነበበች ይመስል።

«አላውቅም እላለሁ።»

«አንድ ቃል ብትዋሽ እግዜር ይቅር ይልሃል።»

«ኖራ የጠየቀችኝ እኮ የማልዋሽ ስለ መሰላት ነው።»

ጽጌ በመጀመሪያው መውጫ በውስጥ መንገድ ግባ ብላ በጣቷ አሳየችኝ፤ ገባሁ። በጽጌ አባባል ሽሮው የተደፋው በዚህ መታጠፊያ ላይ ነው።

ስንደርስ ነርሷ ዕቃዋን በጋሪ አሰናድታ በር ላይ ቆማለች። «ጥቂት ደቂቃ ብቻ» አለችን። የሚስተር ጃክ ድምፅ ከጠዋቱ እጅግ ቀጥኖ ነበር። ኖራ ካፖርቷን አሁንም አላወለቀችም። ወንበር ስቤ ወደ ጆሯቸው ቀረብሁ።

«ሚስተር ጃክ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎ። ጣቱ ከተያዘ በኋላ፣ ከዚያ ምን ሆነ?»

ዐይናቸውን ጨፈኑ።  ጽጌ በሹክሹክታ የምትጸልይ መሰለኝ። ነርሷ ሰዓቷን አየች። እኔም «ሰውየውስ?» ብዬ ልጨምር ከንፈሬን አላቅቄ፣ በላቸው ትዝ አለኝና መልሼ ገጠምሁት።

«ምንም» አሉ በመጨረሻ።

ቀና ብዬ ኖራን አየሁ።

«ምንም አልሆነም። አያቴን የገረመው እሱ ነው። ‹ሂድ፣ ነፃ ነህ› ብሎ በእጁ አሳየው፤ አልሄደም። ከኋላው መሬት ላይ ተቀመጠ። የኮቱን ጫፍ ያዘ። አያቴ ሲራመድ ይራመዳል፣ ሲቆም ይቀመጣል። ጓደኞቹ ‹ጅራት አበቀልህ!› እያሉ ቀኑን ሙሉ ሳቁበት።»

ኖራ ከመስኮቱ ዞረች። «የሳቁት በዚያ ነው?» አለች።

«በዚያ ነው። ወንድሜ ሳቁን ብቻ ነው የሰማው።»

«ሲለያዩስ?» አልሁ። 

«መለከት ተነፋ። መሄድ አለበት። ሰውየው ኮቱን አልለቅም አለ። አያቴ ግራ ቢገባው የገዛ ሸሚዙን አውልቆ ሰጠው። ለምን እንደ ሰጠው እሱም አያውቅም። ሰውየው ሸሚዙን ለበሰና ያን ጊዜ ለቀቀው።» በሣልና በሣቅ መካከል ሆነው ተንቀጠቀጡ። «ሸሚዝ አጉድለሃል ብለው ቀጡት፣ ዶክ! ንግሥቲቱ ጀግናዬ ያለችውን ሰው ስለ አንድ ሸሚዝ ቀጡት!»

 የወሎ ሽማግሌዎች በአንድ ችሎት ፊት የማሉበትን፣ በኦክላንድ ሆስፒታል አንድ የወደብ ሠራተኛ፣ የጡት ልጅ የሚባል ነገር በምድር ላይ መኖሩን የማያውቅ ሰው፣ አንድ ነገር ሳያስቀር ነገረኝ።

«በአገሬ» አልሁ፣ ለሁለቱም፣ ቃሎቼን አንድ በአንድ እያስቀመጥሁ፣ «ሞት የመጣበት ሰው የኃያልን ሰው ጣት ከጠባ ልጁ ይሆናል። ያ ኃያል ከተቀበለው አባቱ ነው። አባት ልጁን ከጀርባው ያደርጋል፤ አልብሶም ያሰናብተዋል። ለአያትዎ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። ሳያውቅ ልጅ ተወለደለት፤ ሳያውቅም አባት የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ። የተመታ ሰው ከመታው ሰው ጀርባ አይቀመጥም።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ኖራ።

«አይደለሁም። አባትሽ ይህን ሲሰሙ ሕፃን ነበሩ፤ አያታቸውም ሲያወራ አርጅቶ ነበር። እዚያ የነበረ ማንም በሕይወት የለም።» ልማዴ እዚያ ላይ እንድቆም ይጎትተኝ ነበር። አልቆምሁም። «ነገር ግን አምናለሁ። አልመታውም።»

 ኖራ ከመስኮቱ መጥታ ካፖርቷን አወለቀችና በአልጋው ራስጌ አንጠለጠለችው።

«በአያትህ ቤት ከየትም የመጣ ልጅ ከማዕድ ጠፍቶ አያውቅም ትል ነበር» አለች አባቷን። «የጎረቤት ልጅ፣ ከመርከብ የወረደ ልጅ፣ አባቱ የጠጣበት ልጅ።»

«አንዳንዱን ስሙን እንኳ አናውቀውም ነበር» አሉ ሚስተር ጃክ።

መዳፏን ዘረጋች። እርሳቸውም ኒሻኑን ወደ ካልሲው መልሰው መዳፏ ላይ አስቀመጡት።

«ከነካልሲው?»

«ካልሲው ታጥቧል» አሉ ሚስተር ጃክ፣ የተበደሉ ያህል።

ኖራ እየሣቀች ነው ያለቀሰችው፤ ይህን በእርግጠኝነት አስታውሳለሁ። ነርሷ ጋሪዋን ማስገባት ጀመረች። ያን ጊዜ ሚስተር ጃክ ያን ሰፊ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አውራ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«እንግዲያው ዘመዳሞች ነን፣ ዶክ። በል ና» አሉኝ። በዐይናቸው ሲቀልዱ ይታያል፤ ጣታቸውን ግን አላወረዱም።

ጎንበስ አልሁ።

ቱቦው ገባ፤ ዳግመኛም አልወጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ አረፉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንዳተረፍሁ ብትጠይቀኝ መልሴ ረጅም አይደለም። አንድ ሸሚዝ የመቅደላን ዝርፊያ አይከፍልም። ይህን ለኖራም ነግሬአታለሁ፤ ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር። እነዚያ መጻሕፍት ዛሬም የእኛ ናቸው፤ ከአገራቸው ወጥተው መቅረታቸውም ዛሬም ያንገበግበኛል። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያን ጦር በቁጥርና በሰልፍ ሳየው ኖሬ፣ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አንድ ረኃብተኛ ጎልማሳ ወጥቶ ሰደፉን በአየር ላይ እንዳቆመ አየሁት። ግንብ መዝለል ትእዛዝ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ይዘለዋል። የጓደኞቹ ሳቅ እየተከተለው፣ አለቃው እየጮኸበት፣ ትርጉሙን የማያውቀውን ልመና መቀበል ግን ማንም አላዘዘውም። የሸለሙት ለግንቡ ነው። እኔ ብሆን ኒሻኑን ለሸሚዙ እሰጠው ነበር።

ራሴን በተመለከተ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ «አልተረጋገጠም» ማለቴን አልተውሁም፤ ጽጌ ምስክሬ ናት። ቀድሞ ግን ቃሉ የንግግሬ መጨረሻ ነበር። አሁን ከእርሱ ቀጥሎ የማምነውን መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ የሚጠብቀኝ ሰው አለና። ማስረጃን መመርመር ሥራዬ ነው። በማስረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ ዝም ማለት ግን ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሌላውን ሰው ብቻውን መተው ነው። ምነው ለተማሪዎቼ ይህን አስተምሬአቸው በነበር እላለሁ። ማስተማሬን ለመጨረስ የቀሩኝ ዓመታት ያን ጊዜ ጥቂት ነበሩ።

ጎንበስ ካልሁ በኋላ ምን እንዳደረግሁ መጻፍ ይቀረኛል፤ እዚህ ላይ ግን ምንጮቼ አይስማሙም። ኖራ ዐይኗ እንባ ሞልቶ ስለ ነበር እንዳላየች ትናገራለች። ጽጌ ከአጠገቤ ቆማ ነበር፤ እስከ ዛሬም «እጃቸውን ሳምህ እንጂ ጣታቸውን አልጠባህም፤ አንተን አላውቅህም?» ትለኛለች። ከእኔ ይልቅ የእርሷ ትዝታ የሚታመን መሆኑን በብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ስለዚህ ትክክል ልትሆን ትችላለች። እኔ የማውቀው በምላሴ ላይ የሆስፒታል ሳሙና ምሬት መቅረቱን ብቻ ነው፤ ያን የሳመ ሰውም ሊቀምሰው ይችል እንደ ሆነ አላረጋገጥሁም።